ለአንድ ሰው የተሠራ ወንበር

«አባዬ፣ ቆሎ!»

ልጄ ናት። ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ፣ ሃያ ሜትር ያህል ርቃ፣ በብረት ገመድ ተንጠልጥላ ተራራ እየወጣች ነው። እኔም ከኋላዋ ተንጠልጥያለሁ። ቆሎው ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በምን ላቀብላት?

ያለነው አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት፣ ማድ ሪቨር ግሌን የሚባል የድሮ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ቦታ ነው። ትምህርት ቤት ለመምህራን ስብሰባ ተዘግቶ ስለነበር ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ከቦስተን ተነሳን። ከሦስት ሰዓት በላይ ነዳሁ። ሚጡ መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰክታ ተኝታለች። አስራ አራት ዓመት ሲሞላቸው እንዲህ ያደርጋቸዋል መሰለኝ። እሷ ስኪ የጀመረችው በትምህርት ቤቷ ክለብ ነው። እኔ የጀመርኩት ደግሞ እሷን እያመላለስኩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው። ይሄ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እወድቃለሁ፤ ግን አሁን አሁን በሥርዓት ነው የምወድቀው።

ወደዚህ ያመጣን ይሄው ወንበር ነው። ሌላ ቦታ ተራራ ላይ የሚያወጣው ወንበር አራትም ስድስትም ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የዚህኛው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። በፈረንጆቹ ከ1948 ጀምሮ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ሌላ የቀረው አንድ አላስካ ያለ ብቻ ነው። በ2007 አርጅቶ ሊታደስ ሲል ለሁለት ሰው የሚሆን ዘመናዊ ወንበር መትከል ይቻል ነበር። ባለቤቶቹ አሻፈረን አሉ። ባለቤቶቹ ማለት እዚያው የሚንሸራተቱት ሰዎች ናቸው። ከ1995 ወዲህ ቦታው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ እንደኛ ሸማቾች ማኅበር፣ ዘይትና ስኳሩ ሲቀር። ስኖውቦርድ፣ በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሸራተት፣ ክልክል ነው። በረዶውም ባብዛኛው ከሰማይ የወረደው ነው። ትልልቆቹ ቦታዎች ሌሊቱን ሙሉ በማሽን ይረጫሉ፤ የአንድ ቀን ትኬታቸውም በር ላይ ከ200 ዶላር ያልፋል። እዚህ ሰማይ ከሰጠ ሰጠ ነው።

ዘንድሮ ሰጥቷል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ በሳህን እየለቀምን የምንቆረጥመው ነገር ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ጠዋት ያገኘነው አያቴ ጥጥ በደጋን ስትነድፍ ፊት ለፊቷ የሚከመረውን ባዘቶ ነው የሚመስለው። እፍ ቢሉት ይነሳል። ከሥሩ ግን መስታወት አለ። ባዘቶው አታሎ ያስገባሃል፣ መስታወቱ ይዘርርሃል።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ግማሹ መኪና ላይ አንድ ዓይነት ተለጣፊ አየሁ። ትርጉሙ «ከቻልክ ተንሸራተትበት» እንደማለት ነው። ማስታወቂያ ይሁን ማስፈራሪያ አልገባኝም። ቦስተን የተከራየሁት ጫማ አንድ ቁጥር እንደሚያንስ የገባኝም እዚያው ነው። አከራዩ ልጅ «ስኪ ጫማ ጠበቅ ማለት አለበት» ብሎኝ ነበር። ጠበቅ ሌላ፣ ጣት መፍጨት ሌላ።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሠራተኛው በእጁ ያዝ አድርጎ ከኋላህ ያስጠጋልሃል። ቁጭ ትላለህ፤ ከፊትህ ብረቱን ትዘጋለህ፤ መሬት ይርቃል። የሚያዋራህ የለም። ከጥድ ቅርንጫፍ ላይ በረዶ ሲራገፍ ይሰማል። ምሰሶ ጋ ስትደርስ ገመዱ ጎማዎቹ ላይ ኳ ኳ ኳ ይልና ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ደግሞ ጸጥ። እንዲህ ዓይነቱን ወንበር መጀመሪያ ያሰበው ሰው የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ነበር አሉ፤ የመጀመሪያው በ1936 አይዳሆ ግዛት ውስጥ የተተከለው ነው። ሐሳቡን ያገኘው ሙዝ ወደ መርከብ ከሚጫንበት ገመድ ነው። እኔም እንደ አርባ ምንጭ ሙዝ ተንጠልጥዬ ይሄንኑ ነበር የማስበው፣ «አባዬ፣ ቆሎ!» እስክትለኝ ድረስ።

«አይደርስሽም!» አልኩ።

«ወርውርልኝ!»

«እብድ ነሽ!»

«ታዲያ ብቻህን ልትበላው ነው?»

መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አስር ቃል አልተለዋወጥንም። እዚህ ግን ወዲያና ወዲህ ማዶ እንዳሉ እረኞች እንጠራራለን። አማርኛዋም እንዲህ በጩኸት ሲሆን የተሻለ ነው። ቤት ውስጥ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው።

ቢያንስ እኔ ልብላ ብዬ የቀኝ ጓንቴን በጥርሴ አወለቅኩ። ጓንቱን ጭኔ ሥር ሸጎጥኩ። ከረጢቱን አወጣሁ። አማቼ የላከችው ነው፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ። ቋጠሮውን በቀዘቀዘ ጣት እየታገልኩ ሳለ ምሰሶው ጋ ደረስን። ኳ ኳ ኳ። ሰማያዊዋ ከረጢት ከእጄ ወጥታ ቁልቁል ሄደች። አንዲት ትንሽ ጥድ ላይ አረፈች።

ሚጡ ዘወር ብላ ሁሉንም አይታለች። ሳቋ ተራራውን ሞላው።

ከላይ፣ ከወንበሩ ስትወርድ፣ የእንጨት ምድጃ ያላት ትንሽ ቤት አለች። ገብተን እጃችንን አሞቅን። በጨርቅ ፕላስተር የተለጠፈ ጃኬት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ነገርኳቸው። «እዚያ ስኪ አለ እንዴ?» አሉ። የለም፤ ግን ሮቤል ተክለማርያም አለን አልኳቸው። በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው፣ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያችን። የሱ ቁልቁለት ሳይሆን አገር አቋራጭ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ስኪውን የለመደው ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ ነው። ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። ሰማዩ ሲጠራ ሻምፕሌን ሐይቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ የሌክ ፕላሲድ ተራሮች ከዚህ ይታያሉ አሉ። ያን ቀን የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነበር። ሚጡ ግን ሄዳ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠረገች።

ስለ ቁልቁለቱ ብዙ አላወራም። ቀላል ነው በተባለው መንገድ ወረድን። ለማን እንደሆነ እንጃ። ጠባብ ነው፤ እንደ በቅሎ መንገድ በዛፍ መሃል ይጠማዘዛል። ማሽን ስላልደለደለው በየቦታው ጉብታ አለው። አራት ጊዜ ወደቅኩ። አንዱን የወደቅኩት ወንበሩ ከላይ በሚያልፍበት ቦታ ስለነበር ተመልካች አላጣሁም። አንድ ሰው በላዬ ሲያልፍ አጨበጨበልኝ። ደግነት ይሁን ፌዝ ሳልለይ ሄደ። ሚጡ በየመታጠፊያው ቆማ ትጠብቀኛለች። «ጉልበትህን አጠፍ! ወደ ታች እንጂ ወደ ስኪህ አትይ!» ስፖርት አስተማሪዬን ነው ያስታወሰችኝ። ዱላ ነው የቀራት።

ምሳ ታች ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ በላን። ሰው ሁሉ ምሳውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቦርሳ በየግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ፍርፍሩን ከፔርሙዝ ስከፍት ሽታው ጠረጴዛውን አልፎ ሄደ። ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ በላሁ። ከምግቡ ይልቅ እሱ ነበር የጣፈጠኝ።

ከሰዓት በኋላ በወጣን ቁጥር ከረጢቷን እናያታለን። መጀመሪያ ሳቅን። ሦስተኛው ላይ ግን ሌላም ሰው ወደ ታች ሲያይ አየሁ፤ አፈርኩ። በዚህ ሁሉ ነጭ ላይ የኔ ፌስታል። ሠራተኛው ጋ ሄጄ ነገርኩት። «ከሥር በኩል ከሆነ፣ የሚችል ሰው ያነሳታል» አለኝና ከጫማዬ እስከ ጉልበቴ ተመለከተኝ።

የሚችል ሰው ሚጡ ናት። በመጨረሻው ዙር እኔ የተለመደውን ስይዝ እሷ ወደ ዛፎቹ ገባች። ታች ቆሜ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሞ መለስኩ። በመጨረሻ ከጥዶቹ መሃል ብቅ አለች፤ ፀጉሯ በረዶ፣ ቅንድቧ በረዶ፣ ከረጢቷ በጥርሷ።

መኪናው እስኪሞቅ በላነው። ቀዝቅዞ እንደ ጠጠር ሆኗል። ሚጡ ሱፉን እየለቀመች ለራሷ፣ ሽምብራውን ለእኔ።