100 ሜጋባይቷን ፎርማት ያደረግኩ ቀን

ላፕቶፑ የእኔ ብቻ አይደለም። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ነው፤ ዊንዶውስ ከጠፋ አለቀልኝ። እኔን ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም አማረኝ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ላድርጋቸው ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የእሷን ፋይል በሙሉ ኤክስተርናል ላይ ገለበጥኩ። ከሠራሁት ሁሉ ያልተቆጨሁበት ይሄ ነው። ኡቡንቱን ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ በዋይፋይ አወረድኩት፤ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ሁለት ማኪያቶ ፈጅቷል።

ከዚያ ለኡቡንቱ ቦታ እንዲገኝ ዊንዶውስ ያለበትን ሲ ድራይቭ ላሳንሰው ብል፣ 120 ጊጋ ባዶ እያለው ከ30 በላይ አልሰጥም አለ። ለካ የሃይበርኔት ፋይል (ማሽኑ ሲተኛ የተከፈተውን ሥራ የሚያስቀምጥበት) እና ፔጅ ፋይል (ራም ሲጠበው የሚጠቀምበት) መሃል ላይ ተጎልተው ንቅንቅ አይሉም። ሁለቱንም አጥፍቼ ሪስታርት ሳደርገው 60 ጊጋ ለቀቀልኝ። ሃይበርኔት ሲጠፋ ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሣው ፋስት ስታርታፕም አብሮ ይጠፋል፤ እሱ ካለ ዊንዶውስ የተዘጋ ይመስላል እንጂ በደንብ አይዘጋም፣ ሊኑክስም ድራይቩ ላይ መጻፍ አይችልም።

ጥፋቱ የመጣው ሲጫን ነው። ክፍፍሉን በእጄ ልሥራው አልኩ፣ አዋቂ ነኛ! ዝርዝሩ ውስጥ 100 ሜጋባይት የሆነች ፋት32 ፓርቲሽን (የዲስኩ አንድ ክፍል) አለች። "ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?" ብዬ ፎርማት የሚለው ላይ፣ ማለትም ይደምሰስ በሚለው ላይ፣ ምልክት አደረግኩ። የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ናት። ማሽኑ ሲነሣ ማስነሻ የሚፈልገው እሷ ውስጥ ነው፤ የኡቡንቱ ማስነሻ ግረብ ከዊንዶውሱ ማስነሻ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ለብቻው ባዶ ቤት አይፈልግም ነበር።

ሪስታርት ሳደርገው ኡቡንቱ ብቻ መጣ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ "የእኔስ?" አለች። መልስ ሳልሰጥ መብራት ሄደ፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል የለም።

በነጋታው ማራኪ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ የዊንዶውስ ፍላሽ ሠራሁ። በፍላሹ ካስነሣሁ በኋላ ሺፍትና ኤፍ10 ስጫን ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት መጣ። ዲስክፓርት በሚባለው የዲስክ ማስተካከያ ለዚያች ፓርቲሽን ኤስ የሚል ፊደል ሰጠኋት፣ ከዚያ ቢሲዲቡት በሚለው ትዕዛዝ ማስነሻውን ከሲ ድራይቭ ወደ እሷ መልሼ ጻፍኩ። ሲ ድራይቭ ራሱ አልተነካም ነበርና ዊንዶውስ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። ዞሮ ግን አሁን ኡቡንቱ ጠፋ! ባዮስ (የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ኡቡንቱን አስቀደምኩ። አዲሱ ግረብ ሌላ ሲስተም መፈለጉን በራሱ ስለሚተወው፣ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ ፈላጊውን ኦኤስ ፕሮበርን ፈቅጄ አፕዴት ግረብ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። ሁለቱም ስም ተደርድሮ መጣ፣ እፎይ።

ከሁለት ቀን በኋላ እህቴ "ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል፣ የሀበሻ ነው የፈረንጅ?" አለችኝ። የሁለቱም አይደለም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላል፣ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ እኛ ደግሞ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በአንድ ትዕዛዝ ሊኑክስንም የአገር ሰዓት አስያዝኩት። ግረብ ላይ 10 ሴኮንድ ዝም ከተባለ የሚነሣው ዊንዶውስ ነው፤ እሱ የእሷ ትዕዛዝ ነው።