ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የ9ኛ ክፍል የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከትላኝ መጣችና፣ «ቲቸር፣ አይቆጡኝና ክፍል ውስጥ በጣም ይደብረኛል። ትምህርት ጠልቼ አይደለም፤ ልከታተል እየፈለግሁ ነው የሚደብረኝ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ዓይኗ እንባ ለማቅረር ምንም አልቀረውም ነበር። በረንዳው ላይ ቆመን አንድ ሁለት ነገር ነገርኋት፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን መልሴ ከጥያቄዋ ማነሱ ሲከነክነኝ አመሸ። እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ልጅ ጥቂት ነው፤ ብዙው ዝም ብሎ ያዛጋል፣ ያንጎላጃል፣ ሲብስበትም አጥር ዘሎ ይፎርፋል። ስለዚህ ከተማሪነቴም ከመምህርነቴም የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላት ወሰንሁ።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሁላችንም በአጭሩ «ፕላዝማ» እንለው ነበር። ስክሪኑ ከሰሌዳው አጠገብ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ ሲገቡ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ይከፍቱታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአገሩ ሁሉ ይሠራጫል፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለመምህሩ የሚተርፋቸው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። በክፍላችን 72 ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አቅራቢዋ ጥያቄ ትሰጣለች፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ እኛ ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። እንደ መምህር «እንደገና ይንገሩን» ተብላ አትለመንም፤ ሥርጭቱ ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል።

አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ አይረሳኝም። የከሰዓት ፈረቃ ነበርን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ግሎ ይንጣጣል። አቅራቢዋ «ስሎፕ» የሚል ቃል አነሣች። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ምን ይሆን እያልሁ ሳስብ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር አመለጠኝ፤ እሱን ልይዝ ስሞክር ሦስተኛው አመለጠኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ የገበያ ጫጫታ ሆነብኝ። ቀሪውን ጊዜ ያሳለፍሁት ከእኛ በፊት የተማሩ ልጆች በኮምፓስ ጫፍ ዴስኩ ላይ የፈለፈሏቸውን ስሞችና ዓመተ ምሕረቶች በጣቴ እየዳበስሁ ነበር። ደወል የሚሆነው የመኪና ቸርኬ ሲመታ ከእስር እንደተፈታ ሰው ነበር ብድግ ያልሁት። ያን ቀን ማታ እናቴ «ትምህርት እንዴት ነበር ልጄ?» ስትለኝ «ይደብራል» ብዬ መለስሁላት።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ መልስ ትክክል አልነበረም። ትምህርቱ ደባሪ ስለሆነ ሳይሆን ክሩ ስለተበጠሰብኝ ነበር የሰለቸሁት። አእምሮ የማይገባውን ነገር ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ መስማት አይችልም፤ ስለዚህ ይሸፍታል። በትምህርት ውስጥ ስላሉ ስሜቶች ብዙ ያጠናው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬይንሃርድ ፔክሩን እንደሚያስረዳው፣ መሰልቸት የሚመጣው ሥራው ከተማሪው አቅም በላይ ሲሆን ወይም ከአቅሙ እጅግ ሲያንስ፣ በተለይም ተማሪው «ይህ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ለሚለው መልስ ሲያጣ ነው። ይህንን ሳነብ በአሥራ አምስት ዓመቴ የተሰማኝን ድካም ሰው ስም ሰጥቶት ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። አንቺም ልጄ፣ ይደብረኛል ስትዪ መጀመሪያ ራስሽን የምትጠይቂው ይህንን ነው፤ ያልገባሽ ስለሆነ ነው፣ አስቀድሞ የገባሽ ስለሆነ ነው፣ ወይስ የሚረባሽ ስላልመሰለሽ? መድኃኒቱ ለሦስቱም አንድ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ አራተኛም ምክንያት አለ። ቁርስ ሳይበሉ ወይም ሌሊቱን በደንብ ሳይተኙ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እነሱን የሚያንጎላጃቸው ረኃብና የእንቅልፍ እጦት ነው። ለዚህ የማስታወሻ አያያዝ ዘዴ አይደርስለትም። ቤት ያለው ሰው ይወቀው፤ እኛ መምህራንም ከመቆጣታችን በፊት «ምሳ በልተሻል?» ብለን እንጠይቅ።

እኔን ያዳነችኝ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ደብተሯን ከግራ በኩል አራት ጣት ያህል በእስክሪብቶ መስመር ትከፍለዋለች፤ በሰፊው በኩል ኖት ትጽፋለች፣ በጠባቡ በኩል ደግሞ ያልገባትን ቃል ወይም ጥያቄ ታሰፍራለች። ያልገባትን ለመረዳት እዚያው አትቆምም፤ ጽፋው ታልፋለች። ምሥጢሩ ይህ ነበር። እኔ ያልገባኝን ቃል ተሸክሜ ስቆም ሥርጭቱ ጥሎኝ ይሄዳል፤ እሷ ግን ቃሉን ወረቀቱ እንዲሸከምላት አድርጋ ከአቅራቢዋ ጋር ትቀጥላለች። በዚያ ቀን በጠባቡ በኩል «ስሎፕ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጽፋ ኖሯል። በማግስቱ ሥርጭቱ ሳይጀምር መምህራችንን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጠመኔ አንሥተው ሁለት የቤት ክዳኖች ሣሉ፤ አንዱ የሾለ፣ አንዱ ዘርጋ ያለ። «ይኸኛው ወደ ጎን 2 ክንድ ሲሄድ ወደ ላይ 1 ክንድ ይወጣል፤ ይኸኛው ደግሞ ወደ ጎን 2 ክንድ ሲሄድ ወደ ላይ 2 ክንድ ይወጣል። ዝናብ ቶሎ የሚፈስሰው ከየትኛው ነው?» አሉን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። «እንግዲህ ስሎፕ ማለት ወደ ላይ የወጣው ወደ ጎን ለሄደው ሲካፈል ነው፤ የዚህኛው ግማሽ፣ የዚያኛው 1 ነው» ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ። ይህን ሁሉ ያደረጉት 3 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ትናንት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያሰለቸኝ ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ሳውቅ ተገረምሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ደብተሬን በመስመር መክፈል ያዝሁ።

ይህ ዘዴ ጠቃሚ የሚሆነው ጥያቄው በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ብቻ ነው። ጽፎ መተው ክሩን አይቀጥልም። መምህሩን ማፈር ካለ ጓደኛ አለ፣ ጓደኛ ካላወቀው መጽሐፉ አለ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርሁበት፤ ማታ ማታ የነገውን ትምህርት ርእስና ደመቅ ብለው የታተሙትን ቃላት ብቻ፣ 10 ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ፣ ገለጥ አድርጌ ማየት ጀመርሁ። ማጥናት አልነበረም። ዳሩ ግን በማግስቱ አቅራቢዋ ቃሉን ስትጠራ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ያየሁትን ሰው እንደገና ያገኘሁ ያህል ይሰማኝ ነበር፤ ፈጽሞ ከማያውቁት ሰው ጋር 40 ደቂቃ መቀመጥና ስሙን ከሚያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ አንድ አይደለም።

ደብተር ጠርዝ ላይ መሞነጫጨርን በሚመለከት ብዙ ተማሪ ይቀጣል፤ እኔም ተቀጥቼበታለሁ። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃኪ አንድሬድ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እንድናየው ያደርጋል። 40 ሰዎች ሆን ተብሎ አሰልቺ የተደረገ የስልክ መልእክት ከቴፕ እንዲሰሙ ተደረገ፤ ግማሾቹ እየሰሙ በወረቀት ላይ የተሣሉ ቅርጾችን በእርሳስ እንዲያጠቁሩ ተነገራቸው። በኋላ ሳይዘጋጁ ሲጠየቁ፣ ሲያጠቁሩ የነበሩት ከሌሎቹ በ29 በመቶ የበለጠ አስታወሱ። ለእጅ ቀላል ሥራ መስጠት አእምሮ ርቆ እንዳይሄድ ሳያግዝ አይቀርም። ልብ መባል ያለበት ግን ሥራው ቀላል መሆኑ ነው። እኔ የሙሽራ ሹሩባ በጥንቃቄ ስሥል የዋልሁባቸው ክፍለ ጊዜያት ነበሩ፤ ያ ሥዕል ራሱ ሐሳብን ሁሉ ስለሚወስድ ከትምህርቱ አንዲት ቃል አልቀረችልኝም። የሚሻለው የሚነገረውን ነገር ራሱን መሣል ነው፤ ስለ ሸለቆ ሲነገር ሸለቆ፣ ስለ ልብ ሲነገር አራቱን የልብ ክፍሎች። ስልክ ከዴስክ ሥር መነካካት ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም፤ ስልክ ሐሳብን የሚወስደው ለመመለስ አይደለም።

አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ፕላዝማ ፊት ተቀምጠን እንደምንውል ስነግረው በጣም ያዝን ነበር፤ የሚያሳዝነው የቴሌቪዥኑ መግባት ሳይሆን የእኛ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከመስክ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውላል፤ ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ከፍ ያለው ደግሞ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ። ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል፤ የኔታም ያርሙታል። «ምሽት የምታቀርቢው ነገር እንዳለብሽ ካወቅሽ ቀኑ ያጥርብሻል እንጂ አይረዝምም» ይለኝ ነበር። የአባቴ ቅኔ ቤት ችግር አልነበረበትም አልልም፤ ልጆች ኩርማን እንጀራ ለምነው ነበር የሚማሩት። ይህችን አንዲት ነገር ግን ዘመናዊው ክፍል የጣላት ይመስለኛል፤ ተማሪው ከትምህርቱ መጨረሻ ላይ የራሱ የሆነ የሚያቀርበው ነገር የለውም። ፈተናም ቢሆን ከወራት በኋላ የሚመጣ ነው፣ ለዛሬው 8 ሰዓት ተኩል አይደርስም።

የጂኦግራፊ መምህር ያደረገኝ ራሱ እንዲህ ያለ የሚቀርብ ነገር ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ሥርጭት በሌለ ጊዜ ሰሌዳውን ሞልተው ኖት ያስገለብጡን ነበር፤ ስለ ኬክሮስ መስመሮች የተገለበጠው ኖት ብዛቱ እጅ ያደክማል። በታኅሣሥ አንድ ቀን ግን ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ «ነገ ለከሰዓት ፈረቃ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስትሰለፉ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጥላ ወደየት እንደወደቀ አይታችሁ ጻፉ፤ በግንቦት እንደገና ታያላችሁ» አሉን። በታኅሣሥ ጥላው ረዘም ብሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ወድቆ አየን። በግንቦት ስናየው አጥሯል፤ አቅጣጫውንም ለውጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ ዞሯል። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ከሩብ ግድም ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ አጋማሽና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በቀጥታ አናቷ ላይ ታልፋለች፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ሰልፍ ላይ ቆሜ ያን ጥላ ሳይ፣ ገልብጬው የነበረው ኖት ስለ እኔ ከተማ፣ ስለ ቆምሁበት መሬት የሚናገር መሆኑ ገባኝ። ያንኑ ኖት ማታ ያለማንም አስገዳጅ ደግሜ አነበብሁት።

ስለዚህ ልጄ፣ መምህርሽ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ካልሰጠሽ ለራስሽ ስጪ። ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት «ዛሬ ከዚህ ይዤ የምወጣው የትኛውን ነገር ነው?» ብለሽ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ፤ አንድ ብቻ። የገባሽ ነገር እየተደጋገመ ከሆነ የሚሰለችሽ፣ ለአጠገብሽ ልጅ በምን ምሳሌ ብታስረጃት እንደሚገባት አስቢ፤ እኔ ስሎፕን ለታናሽ ወንድሜ ያስረዳሁት በቤታችን ክዳን ነው። የኋላ ወንበር ላይ ከሆንሽና ሰሌዳው ካልታየሽ ደግሞ ሳታፍሪ ነግረሽኝ ወደ ፊት ነይ፤ ሰሌዳው ሳይታየው ሰነፍ የተባለ ልጅ አይቻለሁ።

ይህን ስጽፍ የእኔ የመምህሯ ድርሻ ቀላል እንደሆነ አድርጌ አይደለም። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ልጅ እያለ ሁሉንም ማነቃቃት ከባድ ነው፤ ሆኖም 40 ደቂቃ ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ስሞላ ከዋልሁ ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለእነሱ ትቻለሁ፤ እያንዳንዱ ልጅ በብጣሽ ወረቀት አንድ ጥያቄ ጽፎ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል።

ያቺ ልጅ ትናንት ያስቀመጠችው ወረቀት ከደብተር ጠርዝ የተቀደደ፣ አራት ጣት የሚሰፋ ነው። በላዩ እንዲህ ይላል፤ «አባይ የሚሄደው ወደ ሱዳን ከሆነ፣ ከጣና ሲወጣ ለምን በቀጥታ ወደ ምዕራብ አልሄደም? ለምን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ጎጃምን ዞረ?» የነገውን ክፍለ ጊዜ የምጀምረው ይህንኑ ወረቀት አንብቤ፣ ሰሌዳው መካከል ላይ ጮቄን ሥዬ ነው።