«አለቀ ወይ?»

ዛሬም ደሴን ጉም ውጧት ዋለ። የጦሳ ተራራ የት እንደገባ አይታወቅም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እማዬ ከሰሉን እያራገበች ቡና ትቆላለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ።

ቤታችን አንድ ልማድ አለ። ያነበብኩትን ለእማዬ እተርክላታለሁ። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን እንደሷ ያለ ተቺ አላየሁም። ገና አቦሉ ሳይቀዳ «አለቀ ወይ?» ትለኛለች። ተከታታይ ልቦለድ ለሚወድ ሰው ከዚህ የከፋ ጥያቄ የለም።

የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ያገኘሁት ፒያሳ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሽፋኑ በፕላስተር ተጠጋግኗል፤ መሃሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያተመው ክብ አለ። መጽሐፉ የወጣው በ1965 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰው የገዛ ላቡን አጣርቶ የሚጠጣበት የበረሃ ዓለም ነው። አንድ ቦታ ላይ የበረሃዎቹ ሰዎች አለቃ መስፍኑ ፊት ይቆምና ጠረጴዛው ላይ እንትፍ ይላል። የመስፍኑ ሰዎች ደማቸው ይፈላል። ለካ ሰውየው ማክበሩ ነው! ከሰውነቱ ውሃ ቀንሶ መስጠቱ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ እማዬ ትደነቃለች ብዬ ነበር። ቅንድቧ እንኳ አልተነሳም። «መረቃቸዋ!» አለች። እውነቷን ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ካላለበት ምርቃቱ ምኑን ምርቃት ሆነ? ከዚያ ወዲህ ባቲን አልፈን ወደ አፋር ቁልቁል ስንወርድ፣ የአውቶቡሱ መስኮት እንደ ምጣድ ሲግል፣ በኮዳዬ የያዝኳት ውሃ ታሳሳኛለች።

ኸርበርት ስድስት ቅጽ ጻፈ። እንደኔ ሦስተኛው ላይ ቢያቆም ይበቃ ነበር። አራተኛው ላይ ንጉሡ ራሱ ወደ ትልነት እየተለወጠ 3,500 ዓመት ይገዛል። እማዬ ይህን ስትሰማ «በል ተወው» ብላ ጀበናዋን አነሳች።

የሮበርት ጆርዳን «የጊዜ መንኮራኩር» ደግሞ 14 ቅጽ ነው። መሃሉ ላይ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ማንም የትም አይደርስም። ደራሲው ሳይጨርሰው በ2007 ሞተ። ብራንደን ሳንደርሰን የሟቹን ማስታወሻ ይዞ ሦስት ቅጽ ጨመረና በ2013 ቋጨው። «የበረዶና የእሳት ዜማ» የሚባለውን ተከታታይ የሚጽፈው ጆርጅ ማርቲን ግን በሕይወት እያለ ነው ያስቸገረን። አምስተኛውን ያወጣው በ2011 ነው። ያኔ የተወለደው የእህቴ ልጅ ቁመቱ በልጦኛል፤ ስድስተኛው ገና ነው። ብድር ወስዶ እንደጠፋ ሰው ነው የማስበው።

የልቤ መጽሐፍ የኧርሱላ ለ ጉዊን «ኧርዝሲ» ነው። የመጀመሪያው በ1968 የወጣ ስስ መጽሐፍ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዓለሙ ደሴት በደሴት ነው። እዚያ የሰው እውነተኛ ስም ይደበቃል፤ ስምህን ያወቀ አንተን ያዘህ ማለት ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በትዕቢቱ ከሞት ወገን ጥላ ይጠራል፣ ጥላውም ያሳድደዋል። ትልቅ ጦርነት የለበትም። አንድ ልጅና አንድ ጥላ ብቻ። ለእኔ ከ14ቱ ቅጽ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

የስሙን ነገር ስነግራት እማዬ ሲኒ ማጠቧን ተወች። «ታዲያ እኔስ ምን አደረግኩ?» አለች። በአርባ ቀኔ ክርስትና ስነሳ የወጣልኝን ስም ከአባቴና ከክርስትና አባቴ በቀር ለማንም አልተናገረችም። መተተኛ ከሰማው ይሠራበታል ብላ። እኔ ራሴ የሰማሁት ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው፤ ያውም በጆሮዬ፣ በሹክሹክታ። ለ ጉዊን አሜሪካ ሆና ይህን ከየት አመጣችው?

ችግሩ፣ ሻጩ ጋ ያለው አንደኛውና ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን «አብሽር ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣልሃል» ካለኝ ሁለት ወር አለፈው። ዘልዬ ሦስተኛውን ልጀምርላት ብል እማዬ እምቢ አለች። በረካው ተቀድቶ፣ ጉሙም ገና ሳይገለጥ፣ ጃኬቴን ከማንጠልጠያው አውርዳ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ሳይዘጋ ሂድና ጠይቀው እንጂ!»