መብራቱን በመዳፌ ፈተንኩት

የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ስሠራ መብራት የመረጥኩት በዋት ብዛት ነበር። ቻርጅ የሚደረጉ ሦስት ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ገዛሁ። ሳበራቸው ክፍሉ ቀን መሰለ። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

አልተገላገልኩም። እናትና ልጅ ማታ ጠረጴዛ ከበው የሚያወሩበት ሲን ነበረን። ኤዲት ላይ ስቀመጥ የእናትየዋ ጉንጭ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። የፊቷን ቀለም ሳስተካክል፣ በቤቱ አምፖል የበራው ግድግዳ ሮዝ ይሆንብኛል። ይባስ ብሎ ዘግይተን የቀረጽነው የልጅየው ሾት ጨለም ብሏል። ለካ ባትሪው ሲደክም መብራቱም አብሮ እየደከመ ነበር። ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ ማናችንም ልብ አላልንም።

አሁን መጀመሪያ የማየው ሲአርአይን ነው። መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ጣሪያው 100 ነው። እኔ ከ95 በታች የሆነውን አልነካም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለብቻው አይበቃም። የተለመደው ስሌት የ8 ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቅ ቀይ አይገባበትም። ለሰው ቆዳ ደግሞ ቀይ ነፍሱ ነው። ስለዚህ መዳፌን እቀርጻለሁ፤ አንዴ መስኮት ዳር በቀን ብርሃን፣ አንዴ በመብራቱ። ሁለቱም ጊዜ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ በነጭ ወረቀት አስተካክላለሁ። መዳፌ አመድ ከመሰለ መብራቱን አልገዛውም።

የባትሪው ሒሳብ ቀላል ነው። ዋት-ሰዓቱን (ባትሪው የሚይዘውን የኃይል መጠን) ለመብራቱ ዋት ማካፈል ነው። 48 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ 30 ዋት መብራትን ቢበዛ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያቆያል፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው እኩል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የካሜራውን ኤክስፖዠር (የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ቆልፌ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ግድግዳ እቀርጻለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያንን ሲን ያበላሸብኝን ችግር የሚያጋልጠው ይሄ ነው። ባትሪው የሚነቀልና የሚቀየር ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ውስጡ የተገጠመ ከሆነ ቢያንስ ቻርጅ እየተደረገ መሥራት አለበት።

የመብራቱን ድምቀት ቀንሼም እሞክረዋለሁ። አንዳንዱ ሲቀነስ ይርገበገባል፤ ዓይን ባያየውም የሻተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው የካሜራ ክፍል) ፍጥነት ሲጨምር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል።

ቀድሜ ባውቀው ብዙ ገንዘብ ያተርፍልኝ የነበረው ግን የርቀት ነገር ነው። አንድ ትንሽ መብራት ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እስከ ፍሬሙ ጠርዝ ድረስ ካስጠጋሁት ትልቅ መብራት ምን ያደርግልኛል?

ሲኑን እንደገና ቀረጽነው። አንድ ጥሩ መብራት፣ ከመብራቱ ፊት የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ባትሪ። የእናትየዋ ጉንጭ ላይ ደም መኖሩ ታየ።