ሃይሉክሷ ለምን ዝዝዝ ትል ነበር? የአራት ወር ልምዴ

ባለፈው እሑድ ከሸኖ እስከ ጫጫ መስኮት ዘግቼ፣ ሬዲዮ አጥፍቼ፣ በ60 ነዳሁ። የናፍታ ሞተሩ ጉርምርምታ አለ። የጎማው አለ። የንፋሱም አለ። ያ ዝዝዝ የሚለው ግን የለም። አራት ወር ሙሉ ያበሸቀኝ ድምፅ ስለሆነ ሳልጽፈው ዝም ማለት አልቻልኩም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1996 የተሠራች ሃይሉክስ ናት። ኤልኤን106፣ ሲንግል ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ፊትም ኋላም ባሌስትራ። ሞተሯ 3ኤል ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መፍታትና መግጠም የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ዘይትና ፊልትሮ በመቀየር ነው። ቀጥሎ የፍሬን ሸራ፣ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ የበላ ፍሪሲዮን። ስለ እነሱ አላወራም። ቪዲዮ ያየና ጊዜ ያለው ሰው ይወጣቸዋል። ድምፅ ፍለጋ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ የቱን እንደምትፈቱ የሚነግራችሁ የለም።

ድምፁ እንዲህ ነው። ስልክ ቫይብሬት ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲጠራ አስቡት። በ4ኛ ማርሽ 60 ስደርስ ይጀምራል፤ 65 ሳልፍ ይጠፋል። ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አንዴ ከዳሽቦርዱ ይመስላል፣ አንዴ ከእግሬ ሥር። ባለቤቴ ስም አወጣችለት፤ "ንቧ መጣች" ትለኛለች።

መጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ነድቶ "ክሮቸራ ነው" አለኝ፤ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። እኔም እንደ ታዛዥ ልጅ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ክሮቸራ ገዛሁ። ራሴ ገጠምኩት፤ በዚያም ኮራሁ። በማግሥቱ ንቧ እንደ ወትሮዋ መጣች። የወጣው ክሮቸራ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ሳሽከረክረው እንደ ቅቤ ነው። ምንም አልነበረውም።

አንድ ብር ሳላወጣ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ በየትኛው ማርሽ በስንት ፍጥነት እንደሚመጣ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። 3ኛ ላይ 42 አካባቢ። 4ኛ ላይ 60። 5ኛ ላይ 70። ፍጥነቱ ይለያያል፤ የሞተሩ ዙር ግን ሦስቱም ላይ አንድ ነው። ክሮቸራ ወይም የጎማ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ማርሽ ብቀያይርም ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር በቀረ ነበር። ቆሜ፣ ማርሽ ዜሮ አድርጌ ናፍጣ ስሰጣትም ደከም ብሎ መጣ። አለቀ፤ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ በኋላ ያለው ሁሉ ነፃ ነው። ይህን ለማወቅ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃ ነበር።

የእኔዋ ዳሽቦርድ ላይ የዙር መለኪያ የላትም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጫንኩ። ንቧ ስትመጣ ግራፉ 63 ኸርዝ ላይ ጉብ ይላል፤ በሰከንድ 63 ንዝረት ማለት ነው። ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። 63 ለሁለት ሲካፈል 31 ከግማሽ፤ በ60 ሲባዛ 1,890 ዙር በደቂቃ። የሒሳብ ሰው ነኝና ቁጥሩ ሲገጥምልኝ ችግሩ የተፈታ መሰለኝ። የተፈታ ነገር አልነበረም። ቁጥሩ የነገረኝ ሞተሩ በዚያ ዙር አንድ ነገር እንደሚያንቀጠቅጥ ብቻ ነው። ምኑን? አይልም።

ሁለት ወር ኮፈን ሥር ኖርኩ። መሣሪያዬ ረጅም ካቻቢቴ ነው። ጫፉን ብረቱ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ ትደግፋላችሁ፤ የውስጡ ድምፅ ይመጣል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም፤ ውድ ነገር ለመግዛት አትቸኩሉ። ፀጉር፣ ሻሽ፣ ልቅ እጅጌ ግን ከማራገቢያው አርቁ። ችግሩ ሌላ ነው። በካቻቢቴ ሲሰማ ጤነኛ ሞተርም የታመመ ይመስላል። ሁሉም ነገር ይጮሃል። ጀማሪ ከሆናችሁ የደህናውን ድምፅ ስለማታውቁት የሰማችሁትን ሁሉ ትጠረጥራላችሁ።

እኔ ዳይናሞውን ጠረጠርኩ። ጡረታ የወጡ የአይሱዙ ሾፌር ጎረቤት አሉን። መጥተው ካቻቢቴውን ተቀበሉኝና አዳመጡ።

"ልጄ፣ ይሄማ የዳይናሞ ኩሽኔታ ነው። በእኔ ይሁንብህ።"

በእሳቸው ሆነ፤ ኩሽኔታ ገዛሁ። በዚህ ሞተር ዳይናሞው ጀርባ ላይ፣ ፍሬን መርገጥ የሚያቀለውን ሰርቮ የሚያግዝ የቫኪውም ፓምፕ አለ። ስለዚህ ዳይናሞ ማውረድ ማለት የዘይት ቱቦም መንካት ነው፤ ቀላል አልነበረም። ፈትቼ ገጠምኩ። ድምፁ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ቺንጋውን ፈትቼ ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ማስነሳት የታሰበኝ። ቺንጋ ከሌለ ዳይናሞም፣ ቫኪውም ፓምፕም፣ የውሃ ፓምፕም አይዞሩም። አስነሳሁ፤ ድምፁ አለ። ሦስቱም ነፃ ወጡ፤ አንደኛው ግን አዲስ ኩሽኔታ ለብሶ ነው የወጣው። ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ መኪናዋ በቆመችበት ብቻ ይሁን። ውሃው አይዞርም፣ ፍሬኑም ይደነድናል።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። መኪናዋ ቆማ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የካምቢዮው የውስጥ ጥርሶች መዞር ያቆማሉ። ድምፁ አልተለወጠም። ደብተሬ ላይ "ካምቢዮ ነፃ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ፤ ወር ተኩል ያስከፈለኝ እሱ ነው። ፈተናው ነፃ ያወጣው የሚዞረውን ነገር ነበር። ካምቢዮው ላይ ተተክሎ የሚቆመውን አልፈተነም።

መሀል ላይ የደስታ ቀንም ነበረኝ። ሥሯ ገብቼ የጭስ ማውጫውን በጡጫ ስመታው ማርሚታው ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ተንቀጫቀጨ። በብረት ፋሸታ አሰርኩት፤ ድምፅ ጠፋ። ጠፋ፣ ግን ሌላ ድምፅ ነበር፤ ንቧ አይደለችም። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እንደነበረ እንኳ አላወቅኩም ነበር። (ያኔ በክሪክ ብቻ ሥሯ ገብቻለሁ። ባለቤቴ ደርሳ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። እናንተ ብረት ማቆሚያ አስገቡ።)

ስፖንጅ ስለሚጠቀጥቁ ሰዎችም ልናገር። ዳሽቦርዱን ከፍቶ ጸጥ እስኪል ስፖንጅ መጎስጎስ ጥገና አይደለም፤ ለድምፁ ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። ይህን የምለው የጓንት ሳጥኑ ውስጥ ግማሽ ፍራሽ የጎሰጎስኩት እኔው ስለሆንኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በሦስተኛው ወር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሦስት ሰው ሆነን ስንሄድ ድምፁ አይመጣም። እኔ፣ ባለቤቴና የ15 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ስንሆን ጭጭ። ብቻዬን ስሆን ዝዝዝ። ከባለቤቴ ጋር ብቻ ስሆንም ዝዝዝ።

ክብደት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባሌስትራው ሲጫን የሆነ ነገር ከሻንሲው ይላቀቃል የሚል ንድፈ ሐሳብ ሠራሁ፤ በሥዕል ጭምር። ሦስት ጆንያ አሸዋ ኋላ ጫንኩ። ዝዝዝ። ጋቢና ውስጥ መሆን አለበት ብዬ አንዱን ጆንያ ወንበሩ ላይ አወጣሁት። ዝዝዝ። ጤፍ ይሻል ይሆን ብዬ አስቤም ነበር፤ እውነቴን ነው።

ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ልጁ መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሸኖ ሳንደርስ ንቧ መጣች። ሦስት ሰው እያለን! ወዲያው ጠፋች። ደግሞ መጣች። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ እየተገላበጠ ነው። ዞር ብዬ አየሁት። ግራ ጉልበቱ አጭሩን ማርሽ፣ የፎር ዊሉን፣ ተደግፏል። ሲንግል ጋቢና መሀል የተቀመጠ ሰው እግሩን የሚያደርግበት የለውም፤ ሁለቱ ማርሾች እግሩ መሀል ናቸው።

ቀሰቀስኩት። "ጉልበትህን አንሳ" አልኩት። ዝዝዝ። "መልስ።" ጭጭ። "አንሳ።" ዝዝዝ።

"ጋሼ፣ ደህና ነህ?" አለኝ።

ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። ጆንያ ጉልበት የለውማ!

ለምን እስከዚያ አላገኘሁትም? እጄ የሚያርፈው ዋናው ማርሽ ላይ ነው። እሱ ቢነዝር በመዳፌ አውቀው ነበር። አጭሩን ግን ጭቃ ካልገባሁ አልነካውም፤ ከክረምት ወዲህ አልነካሁትም። እኔ ጆሮዬን ካቻቢቴ ላይ ለጥፌ ኮፈን ሥር ስንከራተት ድምፁ ከቀኝ ጉልበቴ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ዛሬ ድምፅ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠቀመው እጄን ነው። ሰው ይነዳል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ያለውን ሁሉ ተራ በተራ እይዛለሁ። መስታወት፣ እጀታ፣ የወንበር ብረት፣ ማርሽ። ስይዘው ዝም ያለው እሱ ነው። ጆሮ ያሳስታል፤ ጋቢና ውስጥ ድምፅ በላሜራው ሁሉ ይሮጣል።

ከመፍታቴ በፊት ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ ዘንጉን ከሥሩ ጠመጠምኩት። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። እርግጠኛ ሆንኩ።

አፈታቱ ይህን ይመስላል። የወለሉን ጎማ ሽፋን ብሎኖች ታወጣላችሁ፤ ሥሩ ሌላ ጎማ አለ። እሱ ሲነሳ ዘንጉን የያዘ የሽቦ ቀለበት ይታያል፤ በፒንሳ ይወጣል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ላይ ይሳባል። የዘንጉ ታችኛ ጫፍ ክብ ኳስ ነው፤ ኳሱን የሚያለብስ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ሊኖረው ይገባል። የእኔው ላይ የነበረው የቆቡ ሩብ ነው። ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ተሰንጥቋል። ብረት ከብረት ጋር ክፍተት ኖሮት ቆሟል ማለት ነው። 1,890 ዙር ላይ ሞተሩ ልክ በሚመቸው ምት ይመታዋል፤ እሱም ይነዝራል።

ሩቡን ለማንሳት በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወደቀ። ላቤ መጣ። ማግኔት ለፕላስቲክ አይሠራም። አንድ ሰዓት ተኩል በሽቦ ጫፍ ላይ ግሪስ እየለጠፍኩ እንደ ዓሣ አጥማጅ ጎንበስ ብዬ ሁለት ስብርባሪ አወጣሁ። ሦስተኛ መኖር አለመኖሩን ስላላወቅኩ ዘይቱንም ለወጥኩት። ከዘይቱ ጋር የወጣ ነገር የለም። ቀዳዳውን በጨርቅ ደፍናችሁ ሥሩ። ጨርቁ እጄ ላይ ነበር፤ ላብ እጠርግበት ነበር።

ቆቡን ብቻ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ዞርኩ። "ሙሉ ካምቢዮ አለኝ" ያለኝም አለ። በመጨረሻ አንድ ቶርኖ ቤት የዘንጉን ኳስ በካሊፐር ለክቶ ከቴፍሎን ቀረጸልኝ። የከፈልኩት ከክሮቸራውም ከኩሽኔታውም ያንሳል።

እስካሁን 1,100 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ቆቡ ጠበቅ ብሏል። ፎር ዊል ሎው ሳስገባ ዘንጉ ከበድ ይላል፤ ሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢላጥ ደህና ነበር። ለዚያ ደግሞ እንደገና መፍታት አለብኝ፤ እስከ ክረምት ድፍረቱ ያለኝ አይመስለኝም። የወንድሜ ልጅ መሀል ሲቀመጥ አሁንም ጉልበቱን ማርሹ ላይ እያስደገፈ "ልያዝልህ?" ይለኛል።