ግዴታው በግልጽ፣ ትሩፋቱ በስውር፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ስመራ የያዝኩት መንገድ

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ ደብር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍልን ለመምራት መጀመሪያ መልስ ያስፈለገኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ጌታችን በተራራው ስብከት ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ይላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ስትመጸውት ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ወጣት ሳለ ለሚያምኑት ምሳሌ እንዲሆን ያዝዘዋል። እንግዲህ ለታናናሾቹ ምሳሌ መሆን ያለበት ወጣት የቱን ያሳይ፣ የቱን ይሰውር?

የያዝኩት አሠራር ይህ ነው። ማንኛውም አባል የሚጠየቅበትን ግዴታ ሁሉም እያየ እፈጽማለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ትሩፋት፣ ምጽዋቱም ስግደቱም የግል ጸሎቱም፣ በእኔና በንስሐ አባቴ መካከል ይቀራል። አገልግሎት የሚበላሸው ሁለቱ ሲገለባበጡ ነው። ስለ ስግደቱ በቴሌግራም የሚጽፍ፣ ወርኃዊ መዋጮው ግን ሦስት ወር የተወዘፈበት አገልጋይ ሲመክር የሚሰማው የለም።

ከሰዓት እጀምራለሁ። የቅዳሜ ጥናት 9 ሰዓት ከሆነ አዳራሹ 8 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ወለሉ ይጠረጋል፣ አግዳሚዎቹ ይደረደራሉ፣ የከበሮው ጠፍር መላላቱ ይታያል፣ የዕለቱ መዝሙር ግጥም በበቂ ቅጂ ይዘጋጃል። መጥረጊያውን ቀድሜ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ግን ጠርጌ አልጨርስም። መሪ ሁሉን ብቻውን ከሠራ ሌላው ማመስገን እንጂ መሥራት አይለምድም፤ ስለዚህ ቀጥሎ ለገባው ግማሹን ወለል እሰጠዋለሁ። የመገኘት መቆጣጠሪያው ላይ ስሜ በተራ ፊደል ከሌሎቹ ጋር ይሰፍራል። የዘገየ የሚቀጣው ቅጣት እኔንም ይመለከታል፤ መዝጋቢዋም ሳታፍር እንድትጽፈው አስቀድሜ እነግራታለሁ።

የመጨረሻው ሰዓት ከመነሻው ይበልጥ ይከብደኛል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬም ወደ ቀድሞው ደብራቸው ይመጣሉ፤ ገላን ጉራ ድረስ የሚመለሱ አሉ። ድሮ በእግሩ ቤቱ ይደርስ የነበረ ልጅ አሁን ታክሲ መቀያየር አለበት። ጥናት 11 ሰዓት ከሩብ ይቆማል፤ መዝሙሩ ባያልቅም ይቆማል። «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» የሚለው ልመና ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ሴቶቹን ነው፣ ጨለማ ላይ ሰልፍ ይይዛሉና። ወላጅ ሁለት ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ ከጠበቀ በሦስተኛው ልጁን አይልክም።

ገንዘብ በእጄም በግል የባንክ ሒሳቤም አይገባም። ወደ ደብረ ሊባኖስ ጉዞ ሲዘጋጅ ሁለት ሰው ይሰበስባል፣ ሦስተኛ ሰው ይመዘግባል፣ ገቢው በዚያው ቀን ተቆጥሮ በደረሰኝ ለሒሳብ ክፍል ይተላለፋል። በቴሌብር የሚከፍል ካለም የሚልከው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ስም ወዳለው ቁጥር ነው። በብዙ ቦታ አስተባባሪ በነፃ ይሄዳል፤ እኔ የመጀመሪያውን ትኬት ከፍዬ እቆርጣለሁ፣ ተመዝጋቢዎች ባሉበት። ከጉዞው በኋላ በሳምንቱ የገቢና የወጪ ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መክፈል ያቃተው ልጅ ወጪ በማን እንደተሸፈነ ግን ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። ይህ ስውር ሆኖ የሚቀረው ክፍል ነው።

ጥምቀት ሁሉንም ይፈትናል። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ናቸው። ለአንድ ጥቅል ስድስት ሰው እመድባለሁ፤ ሁለቱ ከፊት ይዘረጋሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ ሁለቱ ተሸክመው ወደ ፊት ይሮጣሉ። ካሜራው ያለው ከፊት ነው፣ አቧራውና ግፊያው ከኋላ። ስለዚህ አዳዲሶቹ ከፊት ይሰለፋሉ፣ እኔና ነባሮቹ ከኋላ እንጠቀልላለን። የሚጠቀልለው ካልተጠነቀቀ የፊተኛው ሥራ ይበላሻል፤ ጠርዙ ተዛንፎ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጠጠር ይዞ ከተጠቀለለ ደግሞ ካህናቱ የሚረግጡት ጠጠሩን ነው። ስለዚህ ከመጠቅለሉ በፊት አንድ እጅ ይጠርጋል። ምእመኑ ምንጣፉን ረግጦ ሲቆም መጮህ ክልክል ነው፤ «እናታችን፣ አንዴ ያሳልፉን» ይባላል። መሪው በግፊያ መካከል ለአንዲት እናት የተናገረውን ቃል ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት እንዳለ ይደግሙታል፣ ክፉም ሆነ መልካም። በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 12፣ ድካሙ ሲከማች አንደበት ይፈታልና ተረኞችን የምቀይረው ያን ቀን ነው።

ከአባቶች ጋር ያለው ግንኙነትም እንደዚሁ ነው። አዳራሽ ወይም የድምፅ ማጉያ ሲያስፈልግ ጥያቄው በአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ለደብሩ አስተዳዳሪ ይገባል። ተከለከልን እንበል። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ የምናገረው፣ ውስጥ መስቀል ተሳልሜ ከተናገርኩት የተለየ ከሆነ አብረውኝ የገቡት ልጆች አክብሮትን ማስመሰል አድርገው ይማሩታል። ቅሬታ ካለኝ በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ፣ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቤ እናገራለሁ፤ በቡድን መልእክት አልጽፍም።

ሕፃናት ክፍልን በተመለከተ ድርድር የለም። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ማንም ብቻውን አይቀመጥም፣ እኔም ጭምር። ሁለት አስተማሪ፣ ክፍት በር፣ የወላጅ ስልክ ያለበት መዝገብ። ለታዳጊ አባል በግል መልእክት አልልክም፤ መልእክቱ ለወላጅ ወይም ወላጅ ላለበት ቡድን ይሄዳል። ተግሣጽ ለብቻ ሲሆንም ሌላ አገልጋይ በሚያየን፣ ግን በማይሰማን ርቀት፣ ግቢው ውስጥ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ወራት ከጥናት ነፃ ይወጣል፣ የመዝሙር ልብሱም አይወሰድበትም። ተማሪ የሆነ መሪም ይህንኑ ይጠቀም። አገልግሎት ትምህርት አስጣለ የሚል ወሬ ከአንድ ቤት ከተነሣ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የአገልግሎት ዘመን ሲያልቅ ርክክቡ በቃል አይሆንም። ከበሮ፣ የመዝሙር ልብስ፣ የድምፅ መሣሪያ፣ መዝገብ እየተቆጠረ ከንብረት ክፍል ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፤ የጎደለው በጎደለ፣ የተቀደደው በተቀደደ ይጻፋል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና አንድ የሥራ አስፈጻሚ አባል ይፈርማሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቴሌግራምና የዩቲዩብ ቻናሉ ነው። ባለቤትነቱ በግል ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ተከፍቶ ካልተላለፈ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የዓመታት መዝሙሩን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በፊርማው ቀን ቁጥሩም ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም በተረካቢው ስልክ ላይ ተቀይሮ፣ እዚያው ተከፍቶ ይሞከራል።