ሽሮፑ ያልሠራላት ልጅ

ዛሬ ላብራቶሪ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከቦርሳቸው ፌስታል አወጡ። ውስጡ ለልጃቸው የደም ማነስ የታዘዘ የአይረን ሽሮፕ ባዶ ጠርሙሶች ናቸው። «አልሰጠሻትም እንዳልባል ለሐኪሙ ላሳይ ይዤው ዞርኩ፤ ይኸው እስካሁን ከቦርሳዬ አልወጣም» አሉኝ።

ልጅቷ ራሷ በቂ ማስረጃ ነበረች። ፈገግ ስትል የጥርሶቿ ጫፍ ጠቁሯል፤ ሽሮፑ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ደሟ ግን ንቅንቅ አላለም። ጉበቱም፣ ቀይ ስሩም ተሞክሯል። ጎረቤትም (መቼም ምክር አያጣም) «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ቀንሱላት» ብሏል።

ጨጓራ መሆኑስ እውነት ሆነ፤ በርበሬው ግን የለበትም። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከጨጓራዋ ናሙና ተወስዶ ሲታይ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ፣ አሲድ የሚያመነጩትን የጨጓራ ሴሎች እያጠቃ ነው። አሲዱ ሲቀንስ በአፍ የሚወሰድ አይረን በደንብ ወደ ደም አይገባም። እነዚሁ ሴሎች ቫይታሚን ቢ12 እንዲመጠጥ የሚረዳ ንጥረ ነገርም ያመርታሉ፤ ውሎ አድሮ እሱም ሊያጥር ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ ልጆች ሆዳቸውን ጭራሽ ላያማቸው ይችላል። የሚታየው ድካምና መገርጣት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ቶሎ እናትየዋን እንወቅሳለን። ሽሮፑ በትክክል ተወስዶ ደሙ ካልጨመረ፣ ሌላ ጠርሙስ ከመጻፍ በፊት «ለምን?» ብሎ መመርመር አይቀድምም?

አሁን አይረኑን በደም ሥር እየወሰደች ነው። ዛሬ የመጡት ለታይሮይድና ለስኳር ምርመራ ነው፤ ይህ ሕመም ከሁለቱ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላልና።